ለ15 ቀን ቀረጻ ስንት ሳምንት ዝግጅት?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመጀመሪያዬን ረጅም ፊልም ልሠራ ነው። ስክሪፕቱ 96 ገጽ ነው። 28 ሎኬሽን አለው፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ሲሆን አራት ትዕይንት ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ የምትጫወተውም እኩያዋ ነች። ያገኘሁት ገንዘብ ለ15 ቀን ቀረጻ ይበቃል። ሐምሌ ውስጥ ልጀምር አስቤያለሁ። ለዝግጅት ሁለት ሳምንት ይበቃኛል? ከምን ልጀምር? ካሜራውን ከአሁኑ ልከራይ? በኋላ ወደ ተከታታይ ድራማ ብቀይረውስ?»

እህቴ፣ ሁለት ሳምንት አይበቃም፤ ሰባት ያስፈልግሻል። ሐምሌም አይሆንም። ካሜራውንም ገና አትያዢ።

«15 ቀን» ያልሽው ቁጥር የመጣው ከገንዘቡ ነው። ስክሪፕቱ ግን ስንት ቀን እንደሚፈልግ ገና አልተጠየቀም። ቅድመ ዝግጅት የምንለው ሥራ ትልቁ ድርሻው ይህን መጠየቅ ነው፤ መልሱ ከ15 ከበለጠ ደግሞ ቀረጻ ሳይጀመር ስክሪፕቱን እስኪገጥም ድረስ ማረም ነው። እኛ ዘንድ የሚዘወተረው ሌላ ነው። ስክሪፕቱ እንዳለ ተይዞ ይወጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ ያልተቀረጸው ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ለታሪኩ የማይጠቅመው ሳይሆን በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የዋለው ነው። ከዚያ ኤዲተሩ የሌለ ትዕይንት በሙዚቃና በተራኪ ድምፅ ሲሸፍን ይከርማል። እንዲህ ያለ ፊልም አይተሽ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ በመጀመሪያ 96 ገጽ የሚለውን ተይው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ልክ የአሜሪካኖቹ ነው። የሚሠራውም በእነሱ የወረቀት መጠን፣ በኩሪየር ፊደል በ12 ነጥብ፣ ንግግሩ መሐል ላይ በጠባቡ ሲጻፍ ነው። የእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ ያው ንግግር ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። በዚያ ላይ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ የኮምፒውተር ፊደል ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር ጽፈሽው ከሆነ፣ 96 ገጹ 130 ደቂቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለት ሦስት ጓደኞችሽን ሰብስቢና በትወና ፍጥነት አስነብቢ። ንግግር የሌለበትን ቦታ ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንቅስቃሴውን እያሰብሽ በስልክሽ ለኪው። በየትዕይንቱ ራስጌ ደቂቃውን ጻፊ። ድምሩ ከ100 ደቂቃ ብዙ ካለፈ ለመቁረጥ ከዛሬ የተሻለ ቀን አይመጣም፤ ዛሬ የቆረጥሽው ትዕይንት አንድ ብር አላስወጣሽም።

ቀጥሎ ብሬክዳውን ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ አሰልቺው ይኼ ነው፤ ከተዘለለ የማይካሰውም ይኼው ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ወረቀት ታወጪለታለሽ፦ ቁጥሩ፣ ቀን ወይስ ሌሊት፣ ውስጥ ወይስ ውጭ፣ ቦታው፣ ገጹ በስምንት ተከፍሎ የተለካ ርዝመቱ፣ ተዋንያኑ፣ አጃቢዎቹ፣ ልብሱ፣ በእጅ የሚያዘው ዕቃ፣ መኪናው፣ ሜካፑ፣ ድምፁ። ስክሪፕቱን በልብ ወለድ አንባቢ ዓይን ሳይሆን በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ዓይን ነው የምታነቢው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል» የምትል መስመር ስክሪፕት ላይ ቦታ አትወስድም። ብሬክዳውን ላይ ግን ድንኳን፣ የዕድር አግዳሚ ወንበር፣ ቢያንስ 50 አጃቢ፣ ለሁሉም የሐዘን ልብስ፣ ነጠላው በለቅሶ ወግ እንዴት እንደሚለበስ የሚያውቅ ሰው፣ ንፍሮ፣ ለ50 ሰው ምሳ፣ ለ50 ሰው ትራንስፖርት፣ መጸዳጃ ቤት ትሆናለች። ሙሾ አውጪ ካለች ደግሞ ድምፅዋ ትዕይንቱ በተደገመ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ሳውንዱን የሚይዘው ሰው ቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ለሰፈሩ ሰው ቀድሞ ካልተነገረ ደግሞ እውነተኛ ለቅሶ ደራሽ ይመጣብሻል፤ ቀልድ አይደለም፣ ድንኳን ያየ ጎረቤት ዝም ብሎ አያልፍም። ይህን ሁሉ ከጻፍሽ በኋላ ጥያቄው ይመጣል፦ ይህ ትዕይንት ለፊልሙ አንድ ሙሉ ቀን ያወጣል? ካወጣ አንድ ቀን ስጪው። ካላወጣ አንዲት ሴት ባዶ ድንኳን ውስጥ ወንበር ስትደረድር ማሳየት ይበቃ እንደሆነ አስቢ። አንዳንዴ ይሻላልም።

ብሬክዳውኑ ሲያልቅ 28ቱ ሎኬሽን ቁጥር ሆኖ ፊትሽ ይቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር፣ ዕቃ ከመጫን እስከ መብራት ተከላ፣ ከመንገዱ መጨናነቅ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብለን እንያዝ። በ15 ቀን 28 ቦታ ማለት ቢያንስ 13 ጊዜ በቀኑ መሐል መዛወር ነው፤ 32 ሰዓት ተኩል። የ11 ሰዓት የሥራ ቀን ብናስብ ሦስት ቀን በመኪና ውስጥ ቀለጠ ማለት ነው። ከ15 ቀንሽ 12 ቀረሽ። ሐረር መሄጃና መመለሻ አልጨመርኩም።

እዚህ ላይ ነው ስክሪፕቱን የምታርሚው። የጓደኛዋ ቤት፣ የመምህሩ ቢሮና የክሊኒኩ ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ሊገኙ አይችሉም? ካፌ ውስጥ የተጻፈው ንግግር ታክሲ ጥበቃ ላይ ቢሆን ምን ይጎዳል? ቦታዎቹን ወደ 16 አውርጂ። ይህን ደራሲው ለብቻው፣ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ለብቻው የሚሠሩት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ደራሲው ሌላ ሰው ከሆነ ማሻሻያውን እንዲፈቅድ፣ መብቱንም እንዲያስተላልፍ በጽሑፍ ተዋዋዪ። አገሩ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 አለው፤ ፊልሙ ለፌስቲቫል ወይም ለቴሌቪዥን ሲቀርብ መጀመሪያ የምትጠየቂው ይህን ውል ነው። ለሙዚቃውም እንደዚያው።

አሁን ወደ ቀኑ። ከአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ውጭ መቅረጽ ብቻ አይደለም ችግሩ። ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥም ንግግር መቅዳት አይቻልም። እኔ ብሆን ከመስቀልና ከኢሬቻ በኋላ፣ ከጥቅምት 5 ገደማ ጀምሬ ከኅዳር 15 በፊት እጨርሳለሁ። ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ የነቢያት ጾምም አልገባም። ጾሙን የማነሳው ለምግቡ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የማይቀሩ ስለሆነ ምግብ አቅራቢሽ ሁለት ዓይነት እንዲያዘጋጅ በውሉ ውስጥ ይግባ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ከቀን መቁጠሪያ እይ፤ ለሐረሩ ቀረጻ በተለይ።

ጥቅምት 5 ካልሽ ሰባት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥረሽ ዝግጅቱ ከነሐሴ 20 በኋላ ይጀምራል። ሐምሌን ለስክሪፕቱ ስጪው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደመወዝ የሚከፈለው አንቺን ጨምሮ ለሦስት ሰው ብቻ ይሁን፦ ፕሮዳክሽን ማናጀርና የመጀመሪያ ረዳት አዘጋጅ። ካሜራማኑ፣ አርት ዳይሬክተሩና የአልባሳት ባለሙያዋ በአራተኛው ሳምንት ይገባሉ። ሌላው ከዚያ በኋላ። አዘጋጅም ፕሮዲውሰርም ራስሽ ከሆንሽ ረዳት አዘጋጁን «እሺ» ባይ አድርገሽ አትምረጪ። «ይህ በዚህ ቀን አያልቅም» ብሎ ፊት ለፊት የሚነግርሽ ሰው ያስፈልግሻል።

የቀረጻው ቅደም ተከተል በታሪኩ አይሄድም፤ ይህን ታውቂዋለሽ። በምን እንደሚሄድ ግን ብዙ ሰው ይምታታበታል። መጀመሪያ የሚቀመጠው የማይንቀሳቀሰው ነው። ዋና ዋና ተዋንያኖቻችን ሁለት ሦስት ተከታታይ ድራማ ላይ ናቸው፤ ብሔራዊ ወይም ሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ቋሚ የትያትር ቀን ያላቸውም አሉ። ስለዚህ «መቼ ትችላለህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አመቻቻለሁ» ነው። «የትኞቹን ቀናት ፈጽሞ አትችልም?» በይና ቀናቱን ውሉ ላይ አስፍሪ።

ልጅቷን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም እንዳይሠራ ይደነግጋል። እሷ የሌለችበት ትዕይንት ጥቂት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ እንግዲህ 11 ሰዓት የሥራ ቀንሽ ለእሷ 7 ነው። ጠዋት ላይ ሌሎቹን፣ ከእሷ ጋር የሚሠራውን ከረፋድ ጀምሮ አድርጊ፣ ወይም ገልብጪው። የውጭ የሌሊት ትዕይንቷ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለችው ጊዜ ማለቅ አለበት፤ ከ2 ገጽ በላይ ከሆነ ለሁለት ምሽት ክፈይው። የቤት ውስጥ ሌሊት ግን በቀን መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ይሠራል። ወላጆቿ ይፈርሙ፣ ከትምህርት ቤቷም ጋር ተነጋገሪ፣ ሁልጊዜም አንድ የቤተሰብ ሰው ቀረጻው ቦታ ይኑር።

ብርሃኑንም አስቢበት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ለፕሮግራም ይመቻል። ግን ማታ ላይ ፀሐይ ቶሎ ትወርዳለች። የአውሮፓ ፊልሞች ላይ የምናየው ረጅም አመሻሽ እኛ ጋ የለም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችሽ ከ20 ደቂቃ ብዙም አትበልጥም። «አመሻሽ ላይ» ብለሽ የጻፍሽው የሦስት ገጽ ንግግር በአንድ ምሽት አይቀረጽም። ወይ አሳጥሪው፣ ወይ የሰፊውን ምስል ብቻ አመሻሽ ላይ ይዘሽ ቅርቡን ሌላ ቦታ ሥሪው። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ለቤት ውስጥ ትዕይንት ያዢው።

ሐረርን የት ታስቀምጪዋለሽ? አብዛኛው ሰው ሩቁን መጀመሪያ ገላግሎ መምጣት ይወዳል። እኔ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ፣ ከ8ኛው ቀን ገደማ አደርገዋለሁ። ቡድኑ እስኪተዋወቅ የሚባክነው ጊዜ አዲስ አበባ ይባክን፤ እዚያ ሄዶ አንድ ሰዓት ማባከን የሆቴል ሒሳብ አለው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ እንደገና ሊመለሱበት በሚቻል ቦታ ላይ ይዋሉ። ዕቃው በመኪና ከአንድ ቀን በፊት ይነሳ፤ ሰዉ እስከ ድሬዳዋ በረራ ይሻለዋል። ጀጎል በዓለም ቅርስነት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበ ነው፤ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት፣ ቀለም መቀባት የሚባል ነገር የለም። መተላለፊያዎቹ ብዙዎቹ መኪና ስለማያስገቡ ዕቃሽ ሁሉ ሰው በእጁ ሊሸከመው በሚችል መጠን ይታሸግ፤ ጀነሬተር ረስተሽ በባትሪ የሚሠራ መብራት ያዢ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ልትቀርጪ ካሰብሽ መደቦቹ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ወግ አለው፤ ካሜራሽን ከማቆምሽ በፊት የቤቱን እመቤት ጠይቂ። ከሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት መሆኑንም አትርሺ። የሰው ብዛት የምትፈልጊበትን ትዕይንት ጠዋት ጨርሺ።

ፈቃድ። ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከቢሮ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ ደረጃም አንድ ሰው በእጁ ይዞት ካልሄደ አይደርስም። ደብዳቤው ላይ የፊልሙ ርዕስ፣ ቀናቱ፣ ቦታዎቹ፣ የሰው ብዛት፣ የዕቃ ዝርዝርና የመኪና ሰሌዳ ይስፈር። ለሐረሩ የክልሉን የባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ ቀድመሽ አነጋግሪ። ድሮን ራሱን የቻለ ፈቃድ ስላለው በዚህ ደብዳቤ ይታለፋል ብለሽ አታስቢ። የግል ቤት ከሆነ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ብቻ አትጨርሺ፤ የግቢው ተከራዮችና ዘበኛውም ቀኑን ይወቁ።

ቦታ ሲታይ ሁሉም አንድ ላይ ይሂድ። ካሜራማኑ ብቻውን ሄዶ ያመጣው ፎቶ ያማረ ነው፤ ፎቶ ግን አይሰማም። ሳውንዱን የሚይዘው ሰው ቀረጻው በሚካሄድበት ሰዓትና በዚያው የሳምንት ቀን ሄዶ ይስማ። በ12፣ በ19፣ በ21 ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ከሆነ ማይክራፎኑ ከሌሊት ይጀምራል፤ የመስጊዱ አዛን ሰዓቱ ይታወቃል፣ በመሐሉ ይሠራል፤ የማይታወቀው ጎረቤት የሚሠራው ሕንፃ ነው፤ ኮንክሪት የሚሞላው መቼ እንደሆነ ፎርማኑን ጠይቁት። መብራት የሚተክለው ሰው ደግሞ ቆጣሪውን ይይ። 220 ቮልት ላይ 10 አምፔር የሚሸከም መስመር 2200 ዋት ብቻ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ስለዚህ እመቤቲቱ እንጀራ የሚጋግሩበትን ቀን ማወቅ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ለመብራት መጥፋት ጀነሬተር ትይዣለሽ፤ ረጅም ኬብል ከሌለው ግን ድምፁ ራሱ ቀረጻ ያስቆማል።

ስለ ገንዘቡ የምለው ትንሽ ነው። የኪራይ ዋጋ ሲነገርሽ «ከቫት ጋር ነው?» በይ፤ 15 በመቶ በመጨረሻ ሲመጣ ያስደነግጣል። ከጠቅላላው 10 በመቶ ማንም እንዳይነካው ለይተሽ አስቀምጪ። ለዚህ ስትይ አንድ የቀረጻ ቀን መቀነስ ካለብሽ ቀንሺ።

ቀረጻው ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው የክፍል ኃላፊዎችን ሁሉ ሰብስበሽ ስክሪፕቱን ከትዕይንት 1 እስከ መጨረሻው አስነብቢ፤ በየትዕይንቱ እያንዳንዱ ምን እንደሚያመጣ ይናገር። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ሰው ያዛጋል። ግን «ቦርሳውን እኔ አይደለሁም የማመጣው» የሚለው ክርክር እዚያ ይለቅ። ኮል ሺቱ (ለሁሉም የሚታደለው የዕለቱ የቀረጻ ፕሮግራም) ላይ ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ ይጻፍ፣ ቀኑም በዓመተ ምሕረት። የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመጣ ተለውጦ ይገለበጥ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቀላል ትዕይንት አድርጊ፤ የልጅቷን የእንባ ትዕይንት ለሁለተኛው ሳምንት አቆዪላት።

ወደ ተከታታይ ድራማ ከቀየርሽው የሚለወጠው ትልቅ ነገር አንድ ነው። የአራት ክፍል የሳሎን ትዕይንቶችን ሁሉ በሁለት ቀን ጠራርገሽ ትቀርጫለሽ፤ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ የሚቻለው ግን አራቱም ክፍሎች ተጽፈው ካለቁ ነው። ሳምንት በሳምንት እየተጻፈ የሚቀረጽ ድራማ ያንኑ ሳሎን በየሳምንቱ ይከራያል። ልብሱን በክፍልና በታሪክ ቀን ቁጥር ስጪው፤ አለበለዚያ ተዋናዩ በር ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ገብቶ ሶፋው ላይ በነጭ ይቀመጣል።

ካሜራውስ? ካሜራማኑ ሲገባ እሱ ይምረጥ፣ ግን ከመምረጡ በፊት ይህን ሒሳብ አብራችሁ ሥሩ። በ4ኬ፣ በሰከንድ 24 ምስል፣ በፕሮሬዝ 422 ኤችኪው (ከፍተኛ ጥራት ባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ከተቀረጸ አንድ ሰዓት 320 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትቀርጪ 640 ጊጋባይት፤ በ15 ቀን 9.6 ቴራባይት። ሁለት ቅጂ ግድ ስለሆነ ወደ 20 ቴራባይት የሚጠጋ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ቅጂዎችም በአንድ መኪና አይሄዱም። የዲስኩ ዋጋ በጀቱን የሚያናጋ ከሆነ ዝቅ ባለ ጥራት ቅረጹ፣ ወይም ቀለል ያለ ካሜራ ያዙ። ከዚያ ከመፈረምሽ በፊት ልጅቷን ኮስትዩሟን አልብሰሽ፣ ሜካፕ ተቀብታ፣ በዚያው ካሜራና ማይክራፎን አንድ ደቂቃ ቅረጺ፤ ፋይሉንም ኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት።